አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና የነባር መሣሪያዎች ድራይቨር

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የኮምፒውተሩን ሥራ ሁሉ ቢመራም ከየመሣሪያው ጋር የሚግባባው በድራይቨር አማካይነት ነው። ድራይቨር “ይህን ገጽ አትም” የሚለውን አጠቃላይ ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ያ ፕሪንተር ብቻ ወደሚያውቀው ዝርዝር የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ድራይቨር የሌለው ፕሪንተር ምንም እንኳ ያልተበላሸ ቢሆን ለኮምፒውተሩ እንደሌለ ይቆጠራል።

ብዙ ድራይቨሮች የሚሠሩት በሲስተሙ እምብርት፣ በከርነሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከርነሉ ሲለወጥ የትናንቱ ድራይቨር ለዛሬው ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል ቅርጽና የአማርኛ መጻፊያ ይዞ መጣ፤ ይሁን እንጂ ለቀዳሚው ዊንዶውስ ኤክስፒ የተሠሩ ብዙ ድራይቨሮች አልሠሩበትም። በ64 ቢቱ ቪስታ ደግሞ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ድራይቨር ከርነል ውስጥ አይገባም። አማርኛውን ያገኘ ጽሕፈት ቤት ፕሪንተሩን ሊያጣ ይችል ነበር ማለት ነው።

ጉዳቱ የሚከብደው ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው እንደ ሮቢት ባሉ ትንንሽ ከተሞች ነው። ማመልከቻ የሚተየብበት፣ መታወቂያ ኮፒ የሚደረግበት ሱቅ አዲስ ፕሪንተር በየጊዜው አይገዛም። በኢትዮጵያ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ነው። ይህ ፕሪንተር ዋጋው የቀነሰው ገጹን አዘጋጅቶ የሚልክለት ኮምፒውተሩ ስለሆነ ነው፤ መነሻ ፕሮግራሙን እንኳ በበራ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ይቀበላል። ስለዚህ ያለ ድራይቨሩ ምንም ማድረግ አይችልም። ፒሲኤል ወይም ፖስትስክሪፕት ከተባሉት የገጽ መግለጫ ቋንቋዎች አንዱን የሚያውቅ ፕሪንተር ግን በአጠቃላይ ድራይቨርም ይሠራል። ቀዳሚው ሌዘርጄት 1010 ለዊንዶውስ 7 የራሱ ድራይቨር ስላልወጣለት ባለሙያዎች ለሌዘርጄት 3055 የተሠራውን ይጭኑበታል፤ ብልሃቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም ዘለቄታ የለውም።

በሊኑክስ ከርነል ከኮዱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር ነው፤ አምራቹ ዝርዝሩን በሚደብቅበት ጊዜ ፈቃደኞች የመሣሪያውን ጠባይ አጥንተው ራሳቸው ይጽፉታል። ሪቻርድ ስቶልማንን የነጻ ሶፍትዌርን ንቅናቄ ለመጀመር ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱም የአንድ ፕሪንተር ፕሮግራም ምንጭ ኮድ መከልከሉ ነበር።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ስለሚሠራ የ32 ቢት ድራይቨር አይቀበልም። አዲሱን ሲስተም ለመጫን ኮምፒውተር ፎርማት ሲደረግ ትልቁ ወጥመድ የኔትወርክ ድራይቨሩ ነው፤ እሱ ከጠፋ ሌሎቹን ከኢንተርኔት ማውረድ አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንደታየው፣ ኔትወርኩ ራሱ የማይኖርበት ጊዜም አለ። በዚህ ምክንያት ከፎርማት በፊት ፒኤንፒዩቲል በተባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ነባሮቹን ድራይቨሮች ወደ ፍላሽ መገልበጥ ያስፈልጋል። ለአዲሱ ሲስተም ድራይቨር የማይገኝለት ፕሪንተር ካለ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ተለይቶ በቀድሞው ሲስተም ለኅትመት ብቻ እንዲቆይ ማድረግ አዲስ ፕሪንተር ከመግዛት ይረክሳል።