በነጻ የተገኘ መሣሪያ በትምህርት ቤት ውስጥ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት፣ መምህራን ከኢንተርኔት ያለ ዋጋ እያገኙ በክፍል ውስጥ ስለሚያስተምሩባቸው የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ነው። ገንዘብ የማይጠየቅባቸው በመሆናቸው ብቻ ሁሉም አንድ ዓይነት መስለው እንዳይታዩን፣ አስቀድሞ ሁለት ቃላትን መለየት ያስፈልጋል። በቋንቋችን «በነጻ» ማለት ያለ ዋጋ ማለት ነው፤ «ነጻ» ማለት ግን ከሌላ ሰው ሥልጣን የወጣ ማለት ነው። በነጻ የተሰጠ ነገር ሁሉ ነጻ እንዳልሆነ የተረዳ መምህር፣ የተማሪዎቹን ድካም ከመጥፋት ያድናል።

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንመልከት። ጂኦጀብራ የተባለውን የሒሳብ መሣሪያ፣ ማርኩስ ሆኸንቫርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያ አገር በሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ሥራው ጀመረው። መምህሩ በዚህ መሣሪያ ሦስት ማዕዘን ሥሎ አንዱን ጫፍ ወዲያና ወዲህ ቢስበው፣ ማዕዘኖቹ ሲሰፉና ሲጠቡ ተማሪው በዓይኑ ያያል፤ የሦስቱ ድምር ግን ምን ጊዜም ከ180 ዲግሪ ፈቀቅ አይልም። ሌላው ተማሪ በቃሉ ብቻ ያጠናውን ሕግ፣ ይህ ተማሪ ራሱ መርምሮ ያገኘዋል።

በአሜሪካ የሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ስክራች ደግሞ፣ ልጆች ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ ተረትንና ጨዋታን በሥዕል እንዲያንቀሳቅሱ ያስችላቸዋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ስለ ገባ፣ የስክራችም ትእዛዞች በአማርኛ ስለ ተተረጐሙ፣ እንግሊዝኛ ገና ያልጠናለት ልጅ በባዕድ ቃል ሳይሰናከል የልቡን ሐሳብ ሊሠራበት ይችላል።

እንግዲህ ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። ጉግል የተባለው ኩባንያ ጃምቦርድ የሚባል ሰሌዳ ነበረው። ተማሪዎች በየተቀመጡበት ሆነው በአንድ ገጽ ላይ በኅብረት ይጽፉበትና ይሥሉበት ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ሊዘጋው መወሰኑን አስታወቀ፤ በ2024 መጨረሻም ዘጋው። ከዚያ በፊትም ብዙ መምህራን ይገለገሉበት የነበረው ዊኪስፔስስ እ.ኤ.አ. በ2018 ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠውን አገልግሎት አቁሟል። ባለቤቱ የራሱን ንብረት ስለ ዘጋ አይወቀስ ይሆናል፤ ነገር ግን በሰው በቅሎ መንገድ የጀመረ ሰው፣ ባለ በቅሎው በፈለገ ጊዜ ከመንገድ እንደሚያወርደው ማወቅ አለበት።

ስለዚህ መምህሩ አንድን መሣሪያ ወደ ክፍሉ ከማግባቱ በፊት ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቅ እመክራለሁ።

አንደኛ፤ ተማሪው የሠራው ሥራ ወጥቶ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ወይም በወረቀት ሊቀመጥ ይችላልን? የማይቻል ከሆነ፣ ሥራው የልጁ ሳይሆን የሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ የኢንተርኔቱ መስመር ሲቋረጥ መሣሪያው ይሠራልን? ስክራችንና ጂኦጀብራን አንድ ጊዜ በኮምፒዩተሩ ላይ ከጫኑ በኋላ ያለ መስመር መገልገል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው የጽሕፈትና የሒሳብ መዝገብ መሣሪያ ሊብረኦፊስም እንዲሁ ነው፤ ከዚህም በላይ ውስጣዊ አሠራሩ ለሁሉ የተገለጸ ስለ ሆነ፣ ማንም ሊያባዛውና ሊያሻሽለው ይችላል። «ነጻ» የሚለው ቃል በሁለቱም ትርጓሜው የሚስማማው ለእንዲህ ያለው ነው። ኪዊክስ የተባለው ደግሞ የዊኪፔዲያን መጻሕፍተ እውቀት በኮምፒዩተር አከማችቶ ያለ መስመር ያስነብባል።

ሦስተኛ፤ እኛ ካልከፈልን የሚከፍለው ማን ነው? አንዳንዱ መሣሪያ በበጎ ፈቃደኞች ድካምና በለጋሾች ርዳታ ይኖራል። አንዳንዱ ግን የልጆቹን ስም፣ የልደት ቀንና ፎቶግራፍ ይጠይቃል፤ ይህም ከገንዘብ የከበደ ዋጋ ነው። ልጅ የዚህን ዋጋ ክብደት መዝኖ ሊፈቅድ አይችልምና፣ ኃላፊነቱ በመምህሩና በወላጁ ላይ ይወድቃል።

ይህን ሁሉ ማለቴ መምህራን ከአዲሱ መሣሪያ እንዲሸሹ አይደለም። ኮምፒዩተር ያላገኘ ትምህርት ቤትም ማስተማሩን አያቆምም፤ ያገኘው ግን በጥንቃቄ ይጠቀምበት። በየወሩ መጨረሻ አንድ ሰዓት መድቦ፣ ተማሪዎቹ የሠሩትን ሁሉ በፍላሽ እየገለበጠ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ያስቀምጥ። ያን ጊዜ የሩቁ ኩባንያ በሩን ቢዘጋ እንኳ፣ የልጆቹ ድርሰትና ሥዕል በቤቱ ይገኛል።