ከተማው ሞላ ወይስ የሚከራይ ቤት ጠፋ?



ስለ ከተማ ሕዝብ መብዛት ስንነጋገር «አዲስ አበባ ሞላች» የሚለውን አባባል እንደ ማስረጃ የመቁጠር ልማድ አለን። ከተማዋ በ1976 ዓ.ም. 1.4 ሚሊዮን ያህል፣ በ1987 ዓ.ም. 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ነዋሪዎች ተቆጥረውባታል። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ አልተካሄደም። ትምህርት ቤቱም፣ የውኃ መስመሩም፣ አውቶቡሱም የሚታቀደው በግምት ነው። እንግዲህ መንግሥት አስቀድሞ ይቁጠር። የዛሬው ዋና ጉዳዬ ግን የሰው ቁጥር ሳይሆን የኪራይ ቤት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይም ቀነሰ። ለድኻ ተከራይ ታላቅ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለእድሳት እንኳ ሳይበቃ ለአሥርት ዓመታት በዚያው ቆየ። እኔ ያደግሁት ከእነዚህ የቀበሌ ቤቶች በአንዱ ነው። ጣራው ሲያፈስ አከራዩ «በጀት የለም» ይል ነበር፤ አባቴም «የራሴ ባልሆነ ቤት ቆርቆሮ አልገዛም» ይሉ ነበር። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ እኛ ልጆቹ ግን ክረምቱን ከባልዲ ጋር አሳለፍን።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም መርሐ ግብር ብዙ ቤት ሠርቷል። የሠራው ግን የሚሸጥ ቤት ነው። በ20/80 ለመግባት ቁጠባ ያስፈልጋል፤ ቀጥሎም ዕጣ። ዕጣ ከወጣላቸው መካከል የባንኩ ዕዳ የከበዳቸው ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ርካሽ ክፍል ፍለጋ ሄደዋል። መሐል ከተማ እንጀራ ጋግረው ይሸጡ የነበሩ ጎረቤታችን ዳር ከተማ አራተኛ ፎቅ ሲደርሳቸው ቤት አገኙ፤ ደንበኞቻቸውን ግን አጡ። እንዲህ ያለው ኪሳራ በግንባታ ዘገባ ውስጥ አይጻፍም።

የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠረው አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተከራይን ከድንገተኛ ጭማሪ ለመጠበቅ የወጣ ነው። ዓላማውን እደግፋለሁ። ሆኖም አዲስ የኪራይ ቤት ካልተጨመረበት የ1967ቱን መንገድ እንዳይደግመው እሰጋለሁ።

የቪየና ከተማ አስተዳደር ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ የኪራይ ቤቶች ባለቤት ነው። ቪየና ሀብታም ናት ትሉኝ ይሆናል። ግንባታውን በስፋት የጀመረችው ግን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሽንፈትና ረኃብ በኋላ፣ በቅንጡ መኖሪያዎች ላይ ከፍ ብሎ በተጣለ የቤት ግብር ነበር። የእኛ መንግሥት ደግሞ ቪየና በገንዘብ የገዛችው መሬት በእጁ ነው። ከሚያፈርሳቸው መሐል ከተማ ሰፈሮች ከፊሉን በሊዝ ከማስተላለፍ ይልቅ የኪራይ ቤት ይሥራበት፤ ከኪራዩም ለእድሳት ብቻ የሚውል ድርሻ በሕግ ይለይ። ይህ ድርሻ ካልተለየ እንደ ልጅነት ቤቴ ጣራ ማፍሰሱ አይቀርም።

«ሥራውን ወደ ሌሎች ከተሞች እንውሰድ» የሚሉ ባልደረቦቼ ትክክል ናቸው፤ ሐሳባቸው ግን ግማሽ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሥራው ሄደ፤ ለሠራተኞቹ የሚበቃ መኖሪያ ግን አብሮ አልሄደም። ከየገጠሩ የመጡት ወጣት ሴቶች ደመወዛቸውን አዋጥተው በጠባብ ክፍል ለሦስት ለአራት ሆነው ተከራዩ። መጨናነቁን ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ አዛወርነው እንጂ አላቃለልነውም።