በካናቴራ ላይ የሚሣል ቀለም፤ አመራረጡና አጸናኑ
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን በብራና ላይ የጻፉበት ጥቁር ቀለም ዘመናትን ተሻግሮ ዛሬም ይነበባል። ይሁን እንጂ ብራና አይታጠብም። እኛ የምንሥልበት ካናቴራ ግን ዘወትር ከውኃና ከሳሙና ጋር ይታገላል። ስለዚህ ሥራችን የሚፈረደው ብሩሹን ስናስቀምጥ ሳይሆን ገዢው ልብሱን ሲያጥብ ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። ለሙያው ጀማሪ ሳለሁ ለአንድ የሩጫ ቡድን በ40 ካናቴራዎች ላይ ሥዕል እንድሠራ ታዝዤ ነበር። ቀኑ ስለ ደረሰብኝ በወጉ ሳይደርቁ፣ ካውያም ሳላሳርፍባቸው አስረከብሁ። በሳምንቱ አንዲት እናት የልጃቸውን ካናቴራ ይዘው መጡ፤ ቀዩ ቀለም ደረቱን ሁሉ አዳርሶት ነበር። «ገንዘቡን ተወው፤ ቀለም ብለህ የሰጠኸን ግን ምንድን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱ የሚጀምረው ከጨርቁ ነው። ከጨርቁ ጥቂት ክር መዝዞ ማቃጠል ይበቃል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ሲሆን፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ጠብታ ይሆናል። አዲስ ካናቴራ በፋብሪካ የተቀባው አሚዶ ቀለሙን ከክሩ ስለሚያርቅ አስቀድሞ መታጠብ አለበት፤ ማለስለሻም ሊገባበት አይገባም።

ከዚህ በኋላ የቀለሙ ምርጫ ይመጣል። በብዙዎቻችን እጅ ያለው የአክሪሊክ ጨርቅ ቀለም ነው። በዚህ ውስጥ ያለው የቀለም ዱቄት ከክሩ ጋር አይዋሐድም፤ ማያያዣው እንደ ስስ ቆዳ ሆኖ ይይዘዋል እንጂ። ለማቅጠን ውኃ የሚያበዛ ሰው ይህንኑ ማያያዣ ስለሚያሳሳ ቀለሙ በክሩ እየተሳበ ይፈስበታል። ሁለተኛው ዓይነት በ1956 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው፣ ከጥጥ ጋር በኬሚካል የሚጣመረው ማቅለሚያ ነው። ይህኛው የሚጸናው በሶዳ አሽ ሲሆን፣ ጣምራው እስኪፈጸም ጨርቁ እርጥብ ሆኖ መቆየት ይኖርበታል። ለእጅ ልስላሴው የላቀ ነው፤ ፖሊስተርን ግን አይዝም፤ ብርሃን አሳላፊ በመሆኑም በጥቁር ካናቴራ ላይ አይታይም። ለጥቁር ካናቴራ ድፍን የአክሪሊክ ነጭ ከሥር መቀባት ግድ ይሆናል።

የአክሪሊኩን ቀለም የሚያጸናው ሙቀት ነው። ሥዕሉ አንድ ሙሉ ቀን በጥላ ይደር፤ በውስጡ ውኃ ከቀረ የካውያው ሙቀት ውኃውን በማትነን ያልቃልና። ከዚያም ስስ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጎ፣ እንፋሎት በሌለው ካውያ እያንዳንዱን ክፍል ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እያንቀሳቀሱ መተኮስ ነው። ለጥጥ የካውያው ሙቀት ከፍ ይላል፤ ቅይጥ ጨርቅ ግን ስለሚጎዳ ሙቀቱን ቀንሶ ጊዜውን ማርዘም ይሻላል። የቀለሙ አምራች በዕቃው ላይ የጻፈው መመሪያ ከዚህ ከተለየ፣ የእርሱ ይከበር።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳስብ። ከእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ካናቴራ ለራሳችን እናስቀርና 5 ጊዜ አጥበን፣ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተን እንየው። ነጩ ጨርቅ ካልቀላ ሌሎቹን እናስረክብ። የአንድ ካናቴራ ዋጋ ኪሳራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ እኔ ግን ለእኒያ እናት መልስ ያጣሁበት ቀን ከዚያ እጅግ የበለጠ አስከፍሎኛል።