ያረጀ ትራክተርና የሚጠየቀው ተጨማሪ ጉልበት
(በሐዋሳ ከተማ ለመሐንዲሶች የቀረበ ንግግር)



የእርሻ ወቅት በተቃረበ ቁጥር በሐዋሳና በአካባቢዋ በሚገኙ የጥገና ሥፍራዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሰማል። ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያላነሰ ትራክተር ያለው ሰው መካኒኩን፦ «ጉልበቱን ጨምርልኝ፤ ማረሻውን ሲጎትት ይደክማል» ይለዋል። መካኒኩም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ናፍጣው ፖምፓ ይሄድና የማቃጠያውን መጠን የሚወስነውን ቡሎን ያዞራል። ትራክተሩ ለጥቂት ቀናት ይበረታል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ከዚያ በኋላ ቴስታታው ይሰነጠቃል ወይም ፒስተኑ ይቀልጣል። ጉዳቱ ግን በብረት ላይ ብቻ አይቆምም። ዝናቡ መካኒክን አይጠብቅም፤ በሰዓቱ ያልታረሰ መሬት የአንድ ዓመት እንጀራ ነው። ስለሆነም የዚህ ንግግር ዓላማ የአሮጌ ሞተር ጉልበት በምን መንገድ እንደሚጨምርና በምን መንገድ እንደማይጨምር በቁጥር አስደግፎ ማሳየት ይሆናል።

አስቀድሞ፣ ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም እንደ ስፖርት የሚታይ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በአሜሪካ ገበሬዎች ትራክተሮቻቸውን በመጎተት ውድድር ማሰለፍ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1929 በሚዙሪና በኦሃዮ ግዛቶች ነው። አገር አቀፍ የውድድር ማኅበራቸው የተቋቋመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዘመናዊው ውድድር ትራክተሩ የሚጎትተው ከባድ ጭነት የተሸከመ ተንሸራታች ሲሆን፣ ጉዞው በቀጠለ መጠን ጭነቱ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ተቃውሞውን ያበዛዋል። ሙሉው መንገድ ዘጠና አንድ ሜትር ያህል ነው። ጥንታውያን ትራክተሮችም የራሳቸው ምድብ አላቸው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የውድድር ሞተር ሙሉ ኃይሉን የሚያወጣው ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው፤ የሐዋሳ ዙሪያ ትራክተር ግን ከንጋት እስከ ምሽት ከአፈር ጋር ይታገላል። የመጀመሪያው ቢቃጠል ባለቤቱ ያዝናል፤ የሁለተኛው ቢቃጠል ቤተ ሰብ ይራባል።

ወደ ሞተሩ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል በአገራችን በብዛት የታወቀውን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በተቋቋመው የናዝሬት (የዛሬዋ አዳማ) የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካም ሲገጣጠም የኖረውን ቤላሩስ እንውሰድ። ኤም.ቲ.ዜድ. 80 የተባለው ሞዴል አራት ሲሊንደርና 4.75 ሊትር ይዘት ያለው ሲሆን፣ በደቂቃ 2,200 ዙር 80 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ይህ ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚተነፍስ፣ በደቂቃ 5,225 ሊትር ያህል አየር ይስባል ማለት ነው። የአየሩ ሙቀት 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ይህ አየር በባሕር ወለል 6.15 ኪሎግራም ይመዝናል። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 81 በመቶ ብቻ በመሆኑ፣ ያው አየር 5 ኪሎግራም ብቻ ይመዝናል። ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ፣ ከሚተነፍሰው አምስተኛውን እጅ ያህል በቦታው ከፍታ ምክንያት አጥቷል ማለት ነው።

አንድ ኪሎግራም ናፍጣ ፈጽሞ ለመቃጠል 14.5 ኪሎግራም አየር ይፈልጋል። ያለ ብዙ ጭስ እንዲሠራ ከተፈለገ ደግሞ ወደ ሃያ ኪሎግራም መቅረብ አለበት። በዚህ ስሌት ሐዋሳ ላይ ያለው ሞተር በደቂቃ ከ250 ግራም የሚበልጥ ናፍጣ በንጽሕና ሊያቃጥል አይችልም። ፖምፓው ከዚያ በላይ ቢልክ ተጨማሪው ናፍጣ ከፊሉ ጥላሸት፣ ከፊሉ የጭስ ማውጫ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ጥቁር ጭስ የብርታት ምልክት ሳይሆን የሚባክን ገንዘብ ምልክት ነው። ቡሎኑን የሚያዞር መካኒክ የራበውን ሰው ወጥ ብቻ እየጨመረ እንጀራ የነሣ ባለቤትን ይመስላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ መጨመር ሳይሆን የጠፋውን መመለስ ነው። ዕድሜ የጠገበ ሞተር ከፍታው ከነሣው ሌላ ራሱም ብዙ አጥቷል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ከታፈነ፣ ፋሻው ከተበላና መጭመቂያው ከላላ፣ የቫልቮቹ ክፍተት ከልኩ ከወጣ፣ ኢንጄክተሩ ናፍጣውን እንደ ጉም መበተኑን ትቶ ካንጠባጠበ፣ የፖምፓውም ሰዓት ከዘገየ፣ 80 የተባለው ጉልበት በስም ብቻ ይቀራል። እነዚህን በተራ መፈተሽ ብዙ ወጪ የለበትም። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግን ግዴታ ነው፤ መጭመቂያው ሳይለካ ፖምፓ መንካት ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት መስጠት ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ጉልበቱ መሬት ላይ መድረሱ ነው። የኋላ ጎማዎቹ የሚሸከሙት ክብደት 2.5 ቶን ነው እንበል። በታረሰና በለሰለሰ አፈር ላይ ያለው ጭብጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህል ቢሆን፣ ትራክተሩ ሊጎትት የሚችለው 12 ኪሎኒውተን ገደማ ነው። በሰዓት 5 ኪሎሜትር ሲያርስ ለዚህ የሚያስፈልገው ከ23 የፈረስ ጉልበት አይበልጥም። ከዚያ የተረፈው ሁሉ ጎማውን በቦታው ከማሽከርከር በቀር ፋይዳ አይኖረውም። «ይደክማል» የተባለው ትራክተር ብዙ ጊዜ የደከመው በሞተሩ ሳይሆን በእግሩ ነው። ተገቢ ክብደት መጨመር፣ በጎማው ውስጥ ውኃ መሙላት፣ የጎማውን ንፋስ በልኩ ማድረግ፣ ማረሻውንም ለክብደቱ የሚመጥን ማድረግ፣ ፖምፓ ከማዞር ይልቅ ብዙ ያተርፋል። የጎማው መንሸራተት ከመቶ ከ8 እስከ 15 ባለው መካከል ሲሆን ሥራው የተመጣጠነ ነው።

ሦስተኛው የቱርቦ ጉዳይ ነው። ፋብሪካው ራሱ መንገዱን አሳይቷል። ከላይ በተጠቀሰው ሞተር ይዘት ላይ ቱርቦ ገጥሞ ከ100 በላይ የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር ሠርቷል። ነገር ግን ፋብሪካው ቱርቦውን የገጠመው ሌላውን ክፍል እንዳለ ትቶ አይደለም፤ የማቀዝቀዙንና የጥንካሬውን ጉዳይ አብሮ አስቦበታል። ለሐዋሳ ከፍታ የሚበቃው መጠን ግን ትንሽ ነው። አየሩን ወደ ባሕር ወለል ግፊት ለመመለስ ግፊቱን 1.23 እጥፍ ማድረግ ይበቃል። መጭመቁ ግን አየሩን በ26 ዲግሪ ገደማ ስለሚያሞቀው፣ የሚገኘው ትርፍ የአየር ክብደት 13 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ከባሕር ወለሉም ገና 8 በመቶ ያንሳል። አየሩ በማቀዝቀዣ ካላለፈ በቀር ግፊት ሁሉ ጉልበት አይደለም። በዚህ ላይ ቱርቦው ንጹሕ ዘይት ይፈልጋል፤ ሞተሩም ከከባድ ሥራ በኋላ ሳይዘነጋ ጥቂት ደቂቃ በእርጋታ ሠርቶ መጥፋት አለበት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ምሳሌ የተነገረው ለቱርቦ ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሰው ሕይወት አለ። ጭነትን ከፍ አድርጎ ማሰር የኋላ ጎማዎችን ጭብጥ ስለሚያበዛ አንዳንዶች ማሰሪያውን ወደ ላይ ያነሡታል። ጉልበት የተጨመረለት ትራክተር ከፍ ተደርጎ በታሰረ ጭነት ላይ ድንገት ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅለት፣ ፊቱን አንሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ይህ የሚሆነው ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን ለመርገጥ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ማሰሪያው ከተሠራለት ቦታ ከፍ አይበል፤ ሹፌሩንም ከመገልበጥ የሚጠብቅ የብረት ክፈፍና ቀበቶ ይኑር።

በመጨረሻም ከሌሎች ልምድ አንድ ነገር መውሰድ ይቻላል። የነብራስካ ግዛት ሕግ አውጪዎች እ.ኤ.አ. በ1919 በግዛታቸው የሚሸጥ ማንኛውም የትራክተር ሞዴል በዩኒቨርሲቲያቸው ተፈትኖ የጉልበቱ መጠን እንዲረጋገጥ በሕግ ደነገጉ። ለሕጉ መነሻ የሆነው በገዛው ትራክተር የተታለለ አንድ ገበሬ ነበር፤ ያ ሰው ኋላ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ አሳቡን በሕግ አጸደቀ። የእርሻና የቴክኖሎጂ ትምህርት በሚሰጥባት ሐዋሳ አንድ መለኪያ ቢቆም፣ ማንም ባለትራክተር ከመጠገኑ በፊትና በኋላ ሞተሩን አስለክቶ የተረጋገጠ ወረቀት ይዞ ቢሄድ፣ መካኒኩ በጆሮው ብቻ መፍረዱ ይቀራል። ገበሬው የሚከፍለው ለጭስ ሳይሆን ለጉልበት ይሆናል። ይህንንም ለማስፈጸም ከመሐንዲሶች ማኅበር የተሻለ ጠያቂ አይገኝም።