ግላሱን ገለጥ አድርጉት

የዛሬው ወጌ የሚጀምረው ከእባብ ነው። አትደንግጡ፣ መድረሻው ፈረስ ነው።

ባሕር ማዶ እባብን እንደ ድመት ቤቱ ውስጥ የሚያሳድግ ሰው ብዙ ነው። እባብ ገላውን የሚያሞቀው ከውጭ በሚያገኘው ሙቀት ስለሆነ፣ በሚኖርበት ሣጥን ውስጥ አምፖል ወይም ማሞቂያ ይገባለታል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ ነው። ማሞቂያው ሲበረታ ሆዱን እየጠበሰው እሱ እዚያው ላይ ተጠቅልሎ ይተኛል። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ቅርፊቱ ከቀላ፣ ውሃ ከቋጠረ በኋላ ነው። የከፋ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። ቀለል ያለውን ግን ቤት ውስጥ ያስታምሙታል፤ ከሥሩ የተነጠፈው የእንጨት ፍቅፋቂ ይወጣና ንጹሕ ወረቀት ይነጠፍለታል፣ ቁስሉ በውሃ በቀጠነ አዮዲን ይታጠባል፣ ሙቀቱም እንዳይጓደል ይጠበቃል፤ ብርድ ላይ ያለ እባብ ቁስሉ ቶሎ አይድንምና። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቆዳውን በገፈፈ ቁጥር ከሥር የሚወጣው አዲሱ ቆዳ እየተሻለው ይመጣል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» በሚባልበት አገር ይህን ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ እባቡ ሥራ የለውም። የሚጭነው፣ የሚጋልበው፣ የሚያርስበት ሰው የለም። ለመዳን የሚያስፈልገው ጊዜ ሁሉ በእጁ ነው፤ እጅ ባይኖረውም።

ፈረስ ቆዳውን ገፎ አይጥልም። ሥራም አለው።

ጥር 23 ቀን እንጅባራ የተገኘ ሰው የምለውን ያውቃል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱን አክብሯል። ጥር 23 የሚያከብረው በዓሉ የዓድዋን ድልና የአምስቱን ዓመት የአርበኝነት ተጋድሎ ከፈረሱ ውለታ ጋር የሚያነሣ ነው። ያን ዕለት ሜዳው ይጠብባል። ጉግሱ፣ ሽምጥ ግልቢያው፣ ስግሪያው አለ። ከሁሉ በላይ ዐይን የሚይዘው ግን የፈረሱ ልብስ ነው፤ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ ከኮርቻው ጋር የሚለብሰው ባለ ጌጥ ግላስ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ እየተባሉ በፈረሳቸው ስም የተጠሩበት አገር ነውና ፈረስን ማስጌጥ ይገባል። ክብሩን አልነቅፍም። እኔ የምጠይቀው ግላሱ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ጀርባ ምን እንደሚመስል ነው።

ጀርባው የቆሰለ የጋማ ከብት ገጣባ ይባላል። መገጠብ የሚጀምረው ግን ቆዳው ከመላጡ በፊት ነው። ኮርቻ ወይም ጭነት አንድ ቦታ ላይ ሲጫን፣ ከአጥንቱና ከኮርቻው መካከል የተያዘው ሥጋ ደም ያጥረዋል። ሰዓቱ ከረዘመ ከውስጥ መሞት ይጀምራል። ከላይ የሚታየው እብጠት ብቻ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱም «ትንሽ አብጧል» ብሎ በማግስቱ መልሶ ይጭነዋል። ያን ጊዜ ነው የሚፈነዳው። ስለዚህ ቁስሉን ዛሬ ያየ ሰው ያየው የትናንቱን ብቻ አይደለም፣ የሰነበተውን ነው።

ደግነቱ ፈረሱ አስቀድሞ ይናገራል። ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላ ኮርቻው ሲወርድ ጀርባውን ተመልከቱት። ሁለንተናው በላብ ርሶ በመካከል ደረቅ ቦታ ካለ፣ ኮርቻው የሚበረታው እዚያ ላይ መሆኑን ጠርጥሩ። በእጅ ዳበስ ሲያደርጉት ወገቡን ዝቅ የሚያደርግ፣ ጠፍሩ ሲጠብቅ ለመንከስ የሚዞር፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያስተኛ ፈረስ ብዙውን ጊዜ «ክፉ አመል አለበት» ይባላል። ሳስበው፣ ከእነዚህ ክፉዎች ስንቱ የታመመ ነበር?

ጥሩ ኮርቻ ሸክሙን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ያሳርፋል፤ አከርካሪው ራሱ መካከል ላይ ነፃ ይቀራል። ከኋላ ሲያዩት እስከ ፊት ድረስ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት መኖር አለበት። አንድ ኮርቻ ለአባቱም ለልጁም ፈረስ ሲውል፣ የወፈረው ጀርባ ሲከሳ፣ ልኩ ይጠፋል። ሰው ደግሞ ኮርቻው ሲጎዳ የሚመጣለት መላ ከሥር ጨርቅ መደረብ ነው። ይህ ለጠበበ ጫማ ሁለተኛ ካልሲ እንደ መልበስ ነው፤ ያጠብበዋል እንጂ አያሰፋውም። የእንጅባራ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ዝናብ ያረሰረሰው መደላድል በማግስቱ ሳይደርቅ ሲጫን፣ ራሶ የለሰለሰ ቆዳ በትንሽ መፈተግ ይላጣል።

እንጅባራ ባለችበት በአዊ ደግሞ ፈረስ ይታረስበታል። ቀንበር ጥንቱን ለበሬ ትከሻ የተሠራ ነው፤ በሬ ሻኛ አለው፣ ፈረስ የለውም። በፈረስ አንገትና ጫንቃ ላይ የሚወጣው ቁስል ከየት እንደመጣ ሌላ ምርመራ አያሻውም።

እንግዲህ ተገጠበ እንበል። መጀመሪያ ኮርቻው ይወርዳል። አድማጮቼ፣ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ይህ ካልሆነ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ ውሃ ይፈላና ይቀዘቅዛል፤ በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ለጥ ያለ ጨው ይገባበታል። በቁስሉ ዙሪያ ያለው ፀጉር ይቆረጣል፤ ከቁስሉ መግል ጋር እየተጣበቀ ቆሻሻ ይይዛልና። ከዚያ በጨው ውሃው ቀስ እያሉ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ዝንብ መከልከል ነው። የማር አገር ሰው ማር ለቁስል እንደሚሆን ያውቃል፤ ሳይንሱም አልተቃወመውም። ስኳሩ እርጥበቱን እየሳበ ተሕዋስያኑን ያደርቃል፣ ኮምጣጣነቱም ያግዛል። ብቻ ንጹሕ ማር ይሁን፣ ዝንብም እንዳይወርሰው ይሸፈን።

የማይደረገውን ልናገር፤ አመድ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ የባትሪ ውሃ፣ የተባይ መድኃኒት፣ የጋለ ብረት። ይህን ሁሉ በቁስል ላይ ሲያደርጉ አይተናል። ዝንቡን ያርቅ ይሆናል፤ ግን ለመዳን ብቅ ያለውን ቀይ ሥጋ አብሮ ይገድለዋል። ቁስል የሚሞላው ከሥር ነው፤ ቆዳው የሚመጣው ደግሞ ከዳር ወደ መካከል እየተሳበ ነው። በየቀኑ የሚያቃጥሉት ቁስል በየቀኑ ከአንድ ይጀምራል። ጥልቅ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ መግሉ ካልቆመ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ፈረስ ለቴታነስ በጣም ስስ እንስሳ ነው፤ ትንሽ የምትመስል ቁስል ልትገድለው ትችላለች።

ወደ ዳንግላ ከተማ ስንወርድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እዚያ ቁስል የሌላ በሽታ በር ነው። በፈንገስ የሚመጣ፣ በቆዳ ሥር ባሉት የሊምፍ ቧንቧዎች መስመር እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ እባጭ እያወጣ የሚፈነዳ የጋሪ ፈረስ በሽታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 28 ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን ተመልክቶ፣ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ይህ እንዳለበት አገኘ። የሚበዛውም ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ባሉ ሞቃትና እርጥብ ከተሞች ነው። የዳንግላ ከፍታ ከዚህ መካከል ይወድቃል፤ እንጅባራ ከላይ ነው። በሽታውን ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚያደርሱት ዝንብና የተዋሱት ዕቃ ናቸው። ኮርቻና መደላድል መዋዋስ በጎ ጉርብትና ነው፤ ለገጣባ ግን አይሆንም።

ለፈረስ አለመጠንቀቅ ምን እንደሚያስከፍል የጦር ሠራዊቶች በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1902 በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት እንግሊዞች ከ300 ሺህ በላይ ፈረስ አልቆባቸዋል፤ አብዛኛው በጥይት አልነበረም። ድካም፣ ረሃብና በሽታ ጨረሱት። ዛሬ በረጅም ርቀት የፈረስ ውድድር ላይ ሐኪም በየጣቢያው ጀርባውን እየዳሰሰ የታመመውን ያስወጣል፤ ጋላቢው ምንም ቢፎክር አይሰማም። ለእንጅባራው ሜዳ ይህን ብመኝ ነውር አይመስለኝም። ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ግላሱ ይገለጥ።

አስቸጋሪው ዕረፍቱ ነው። ቀላሉ ገጣባ ሳምንታት፣ የከፋው ወራት ይፈልጋል። ባለ ጋሪው ግን የዛሬ እንጀራው ከዚያ ጀርባ ላይ ነው፤ «አሳርፈው» ማለት ለእኔ ለተቀማጩ ይቀለኛል። መፍትሔው በአንድ ሰው አቅም አይደለም። ለእርሻ ወንፈል የሚያውቅ አገር ለፈረስም ሊያውቅ ይችላል፤ ያንተ ፈረስ ሲያገግም የእኔ ይሥራልህ፣ የእኔ ሲታመም ያንተ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት ያሉት ማኅበር ይህን ማደራጀት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለገዢ ነው። ጀርባው ላይ፣ ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ ነጭ ፀጉር ያለበት ዳማ ወይም ጉራቻ ፈረስ ገበያ ላይ ስታዩ፣ ሻጩ «ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣው ነው» ሊላችሁ ይችላል። ብዙውን ጊዜ አይደለም። ጭነቱ የፀጉሩን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ገድሏቸው ነው። ቁስሉ ድኗል፤ ቆዳው ግን ስስ ነው፤ የቀድሞው ዓይነት ኮርቻ ከተጫነበት መጀመሪያ የሚላጠው እዚያው ነው። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ኮርቻውን ሻጩ ያውርደው፣ እናንተም በእጃችሁ ዳብሱት።