የምረቃ እንግዶቻችን የት ያድራሉ?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣንበት ጉዳይ ከዓለም ታላላቅ ጥያቄዎች ጋር የሚቈጠር አይደለም። ስለ አልጋና ስለ አውቶቡስ ነው። ነገር ግን በየዓመቱ ምረቃ ሲቃረብ በየመኝታ ክፍላችን በሹክሹክታ የሚነሣ፣ በስብሰባ ላይ ግን ማንም የማያነሣው ጉዳይ ስለ ሆነ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል ብለን እናምናለን። ጥያቄው ይህ ነው፤ ከጎንደር፣ ከደሴ፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋ ተነሥተው ልጃቸው ሲመረቅ ለማየት የሚመጡት አባትና እናት፣ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አዲስ አበባ ላይ የት ያድራሉ? ካደሩበትስ ወደ ምረቃው ስፍራ በምን ይደርሳሉ?

መልሱ የጠፋው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ወደ አገር ቤት ደውሎ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፣ አትልፉ፣ ፎቶግራፉን እልክላችኋለሁ» ይላል። ስንቅ ቋጥረው፣ በግ ሸጠው፣ ዓመት ቈጥረው ያስተማሩ ሰዎች የደስታው ቀን ሲደርስ በማደሪያ ምክንያት ብቻ ሳይመጡ ይቀራሉ። ይህ እንደ ትንሽ ነገር ሊታለፍ አይገባውም።

በአገራችን ልማድ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይል ነበር፤ ባለቤቱም መኝታውን ለእንግዳው ለቆ እርሱ መሬት ይተኛ ነበር። ለምግብና ለማደሪያ ገንዘብ መክፈል ያልተለመደ ስለ ነበረም፣ እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ባቋቋሙ ጊዜ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን እየጋበዙ ሰውን እንዳለማመዱ ይነገራል። ያ ስሜት ዛሬም በወላጆቻችን ልብ አለ። ዘመድ እያለ በኪራይ አልጋ ማደር እንደ መናቅ ይቈጠርባቸዋል።

ነገር ግን የአዲስ አበባው ዘመድ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ እርሱም ከነልጆቹ በአንዲት ክፍል የሚኖር ተከራይ ነው። «አይቻለኝም» እንዳይል ይሉኝታ ይይዘዋል። አምስት እንግዳ ሲቀበል ልጆቹ ጎረቤት ሄደው ያድራሉ፤ አከራዩም ውሃ አለቀ፣ መብራት በዛ እያለ ያጕረመርማል። ስለዚህ እንግዶቹን ቀን ዘመድ ቤት አውሎ ሌሊት በኪራይ ማሳደር ዘመድን መናቅ አይደለም፤ ዘመድን ማሳረፍ ነው። ይህን ግን ለወላጅም ለዘመድም አስቀድሞ መንገር ያሻል። በመጡበት ምሽት የተነገረ እንደ ሆነ ቅያሜ ያመጣል።

እንግዲህ ይከራዩ ካልን ዋናው ነገር ዋጋው ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሩ ላይ የተነገረውን ዋጋ ሙሉ ዋጋ አድርጎ በመቍጠር ነው። የአልጋ ዋጋ ማለት የአልጋውና የመንገዱ ድምር ነው። ለስሌት ያህል አምስት ሰዎች ሦስት ሌሊት ያድራሉ እንበል። ከከተማው ዳር፣ ከዋናው መንገድ ርቆ የሚገኝ ክፍል ለአንድ ሌሊት 500 ብር ቢሆን ለሦስቱ 1500 ብር ነው። ነገር ግን ሽማግሌና ሕፃን ይዞ በእግር ስለማይዘለቅ ታክሲ በኮንትራት መያዝ ግድ ይሆናል፤ ደርሶ መልስ በቀን 800 ብር ቢወጣ በሦስት ቀን 2400፣ በጠቅላላው 3900 ብር ይሆናል። በባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ክፍል 900 ብር ቢሆን ለሦስት ሌሊት 2700 ነው። አምስቱ ሰዎች ደርሶ መልስ ለእያንዳንዱ ጕዞ 10 ብር ቢከፍሉ በቀን 100፣ በሦስት ቀን 300፣ በጠቅላላው 3000 ብር ይሆናል። ውድ መስሎ የታየው ክፍል 900 ብር አተረፈ ማለት ነው። ቍጥሮቹን ለምሳሌ የወሰድናቸው ስለ ሆነ እያንዳንዱ በደረሰበት ዋጋ ይተካቸው፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

ታዲያ የት እንፈልግ? ከሁሉ በፊት የምረቃውን ስፍራ ማረጋገጥ ይገባል፤ በስድስት ኪሎ ግቢ ሊሆን ይችላል፣ ከከተማው ታላላቅ አዳራሾች በአንዱም ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የባቡሩን ካርታ መመልከት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው። አንደኛው ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ በአውቶቡስ ተራና በልደታ አድርጎ ቃሊቲ ይደርሳል። ሁለተኛው ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሁለቱም በስታዲየም፣ በለገሐር፣ በሜክሲኮ፣ በተግባረ እድና በልደታ በአንድ ሐዲድ ላይ ያልፋሉ። ከእነዚህ ከአምስቱ ጣቢያዎች አጠገብ ያደረ ሰው ባቡር ሳይለውጥ ወደ አራቱም ማዕዘን መሄድ ይችላል። ባቡሩ ስድስት ኪሎ ድረስ አይወጣም፤ ነገር ግን ከምኒልክ አደባባይ የቀረው መንገድ በታክሲ አጭር ነው። ከአያት ወገን የሚመጣም መገናኛ ወርዶ የአራት ኪሎ ታክሲ ያገኛል።

ከእኛ በፊት የተመረቁ ወንድሞችና እኅቶች «ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ ሂዱ፣ ርካሽ አልጋ አይጠፋም» እያሉ ይመክሩ ነበር። ምክሩ በጊዜው መልካም ነበር። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ብዙ አሮጌ ቤቶች ለመንገድና ለልማት ሥራ ፈርሰዋል፤ ከእነርሱ ጋር ብዙ አልቤርጎና ትንንሽ ሆቴል ሄዷል። ስለዚህ የሰማነውን ስም ብቻ ይዘን እንግዳ አንጥራ፤ አስቀድመን በእግራችን ሄደን እንይ።

የመድረሻውም ነገር እንደዚሁ ነው። እንግዳው የሚወርደው አውቶቡስ ተራ ነው፣ ላምበረት ነው፣ ወይስ ቃሊቲ? ትኬቱ ሲቈረጥ ይጠየቅ። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣም እንደ ድሮው ለገሐር አይወርድም፤ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ዳር በለቡ በኩል ነው። ወደ አገር ቤት የሚመለሰው አውቶቡስ ደግሞ ገና ሳይነጋ ተሳፋሪ ስለሚሰበስብ፣ በዚያ ሰዓት ታክሲ ማግኘት አስቸጋሪ ነውና፣ የመጨረሻዋን ሌሊት ብቻ ከመናኸሪያው አጠገብ ማደር ያዋጣል።

ክፍሉን ስናይ የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች አሉ። ዋጋው በክፍል ነው ወይስ በሰው? ለልጆች ፍራሽ ይጨመራል? ውሃው በፈረቃ ከሆነ ሮቶ አለ? ከታች መጠጥ ቤት አለ? ሙዚቃውስ ስንት ሰዓት ይዘጋል? በሰዓት የሚከራይበት ቤት ለቤተ ሰብ አይሆንምና ይህም ሳይታፈር ይጠየቅ። በቀን ሒሳብ የሚከራይ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ወጥ ቤት ስላለው አገር ቤት የተሰነቀውን ወጥ ማሞቅ ይቻላል፤ ነገር ግን ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢሆን አሳንሰር ላይኖረው ይችላልና አያት እንዴት እንደሚወጡ አስቀድሞ ይታሰብ። «አምስት ደቂቃ መንገድ ነው» ሲሉን ሰዓት ይዘን ከጣቢያው እስከ በሩ እንራመድ። ምረቃ አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ነው፤ በበጋ አምስት ደቂቃ የሆነው መንገድ በሐምሌ ጭቃ ሌላ ነው። የመጨረሻው ባቡርና ታክሲ ስንት ሰዓት እንደሚያልፍም እንወቅ። ዋጋ ይቀነስልን ማለትም ነውር የለበትም፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ተብሏልና።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን ሁሉ አንድ ተማሪ በፈተና ሰሞን ብቻውን ይፈጽመው ቢባል አይችልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በማኅበሩ ቢሮ አንድ መዝገብ ይከፈት። ማደሪያ ያየ ተማሪ ሁሉ ሰፈሩን፣ የአልጋውን ብዛት፣ ዋጋውንና ዋጋው የተጠየቀበትን ቀን፣ ከጣቢያው ያለውን የእግር መንገድ ይጻፍበት። ቀን የሌለው ዋጋ ሰውን ያሳስታልና ቀኑ አይረሳ።

ሁለተኛ፣ በምረቃው ዋዜማ ፈቃደኞች በየመናኸሪያው ቆመው እንግዶችን ይቀበሉ። ቋንቋው የሚያስቸግራቸው ወላጆች አሉና ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና ሌሎቹንም ቋንቋዎች የሚያውቁ ተማሪዎች ከፈቃደኞቹ መካከል ይኑሩ። እንዲህ ከሆነ ደላላ በመንገድ ድካም ላይ ዋጋ አይጨምርባቸውም።

ሦስተኛ፣ የምረቃው ቀንና ስፍራ በተቻለ መጠን አስቀድሞ ይነገረን ዘንድ ክቡራን መምህራን ይርዱን። ቀኑ ካልታወቀ አልጋ አይያዝም፤ ትኬትም አይቈረጥም። በመጨረሻው ሳምንት የሚፈለግ አልጋ ደግሞ ውድም ሩቅም ይሆናል።

መዝገቡን ለመጀመር ዛሬ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ነው። ደብተሩን ይዘን መጥተናል፤ ከስብሰባው በኋላ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በዚህ ሳምንት ወደ ከተማ የሚወርድ ሁሉ አንድ አንድ ቤት ጠይቆ ይመለስ።