ስለ ዕድራችን የስልክ መዝገብና በላዩ ስለሚጨመሩት አዳዲስ አሠራሮች

(የዕድሩ ጸሐፊ በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በሰሌዳ የተለጠፈ።)



እንደምታውቁት እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለ ኮምፒዩተር ላስተምራችሁ አልተነሣሁም። የተነሣሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የስልኩ መዝገብ እንዴት እንደሚሠራ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁኛል። ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት የካቲት የተፈጸመውን ስሕተት ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔው አፍ መስማት ይገባችኋል።

ቀድሞ መዝገባችን ትልቁ ባለ መስመር ደብተር ነበር። ሽፋኑ ወልቆ፣ ገጹ በዘይትና በውኃ ተበላሽቶ ሁላችሁም አይታችሁታል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ ወጣቶቻችን ረድተውን ደብተሩን ጉግል ሺትስ በሚባለው ሰንጠረዥ ላይ ገለበጥነው። ከዚያ አፕሺት በሚባለው መሣሪያ በስልክ የሚከፈት መዝገብ ሠራን። ይህ መሣሪያ በ2020 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጉግል የገዛው ነው። የማይክሮሶፍቱ ፓወር አፕስም ሆነ ኤርቴብል የሚባለው የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

የነዚህ መሣሪያዎች ጥቅም ፕሮግራም ጸሐፊ መቅጠር አለማስፈለጉ ነው። መሣሪያው ሰንጠረዡን ያነባል። አንተ «ይህ ዐምድ ቀን ነው፣ ይህ የብር መጠን ነው፣ ይህ የአባል ቁጥር ነው» ብለህ ትነግረዋለህ፤ እርሱ ደግሞ ቅጹን ራሱ ያወጣልሃል። በቃ ይኸው ነው። የአባል ቁጥር የሰጠናችሁም ለዚሁ ነው፤ በስም አንድ የሆኑ ሁለት አባሎች አሉንና አንዱ የከፈለው በሌላው ስም እንዳይገባ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ መልካም ነበር። ጥፋቱ የመጣው በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ እኔ አዲስ አሠራር ስጨምር ነው።

መሣሪያው ያለ ሰው እጅ ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ ይቀበላል። «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አድርግ» ወይም «በየቀኑ በዚህ ሰዓት ይህን ተመልከት» ልትለው ትችላለህ። ይህን ሳይ ደስ አለኝ። በመተዳደሪያ ደንባችን ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ይታገዳል ይላል አይደል? እኔም በየሌሊቱ የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ከዛሬ ቀን ጋር እያስተያየ፣ ሦስት ወር ያለፈውን «ታግዷል» ብሎ እንዲጽፍ አዘዝኩት። ለማንም አላማከርኩም። አንድ ቀን እንኳ አልሞከርኩትም። ሥራ የቀለለልኝ መስሎኝ ተኛሁ።

በየካቲት ወር አንድ ሌሊት፣ 9 ሰዓት ላይ፣ የአንዲት እናታችን ባለቤት ዐረፉ። ልጃቸው ሄዶ የዕቃ ቤት ኀላፊያችንን በር አንኳኳ። ኀላፊው ስልኩን ከፍቶ የአባል ቁጥራቸውን ቢያስገባ «ታግዷል» ይላል። ደንብ አክባሪ ሰው ስለሆነ «ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ? መዝገቡ አይፈቅድም፤ ሲነጋ ኮሚቴው ይየው» አለው። ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልወጣም። ለቀስተኛ ብርድ ላይ ቆመ፤ ወንበር ከጎረቤት ዕድር በልመና መጣ።

እኔ ሰምቼ የደረስኩት 12 ሰዓት ላይ ነው። እማማ ደረሰኞቻቸውን በፌስታል ይዘው ወጡ። ቆጠርናቸው፤ አንድ ወር የጎደለ የለም። «ልጄ፣ 22 ዓመት ስከፍል አንድ ቀን ቀርቼ አውቃለሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። እማማ እዚህ ስላሉ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምን ሆኖ ነው? ነገሩ የቀን አቆጣጠር ነው። እኛ የምንጽፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ መሣሪያው የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። ሰብሳቢዎቻችን በስልኩ ቅጽ ሲሞሉ ቀኑን ከስልኩ መቁጠሪያ ስለሚመርጡ ችግር የለበትም። በዚያ ወር ግን 14 ቤቶችን እኔ ራሴ ከደረሰኝ ላይ እያየሁ በቀጥታ ሰንጠረዡ ውስጥ አስገባሁ። እማማ የከፈሉት ጥር 5 ቀን 2017 ነበር፤ እኔም 5/5/2017 ብዬ ጻፍኩ። መሣሪያው ይህን የተረዳው በፈረንጆች ሜይ 5 ቀን 2017 ብሎ ነው። የዚያን ጊዜ የፈረንጆቹ ዓመት 2025 ስለነበረ፣ ወር ያልሞላውን ክፍያ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው አድርጎ ቆጠረው። እንዳዘዝኩትም አገደ። 14ቱም ቤቶች ታግደው ነበር፤ የ13ቱ ያልታወቀው ለቅሶ ስላልደረሰባቸው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የቆየውን ሁሉ ከደረሰኝ ጋር ስናመሳክር ሌላም አገኘን። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለህ ብትጽፍ፣ የፈረንጆች ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው ቀን ነው ብሎ አይቀበልህም። ጳጉሜንማ ተዉት፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል አያውቅም፤ ወይ አይቀበልም ወይ ሌላ ቀን አድርጎ ይወስደዋል።

እንግዲህ መሣሪያው ተንኮል የለበትም። ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰው መወሰን የሚገባውን ነገር ለማይጠይቅና ለማያፍር ነገር አሳልፌ ሰጠሁ። ደብተሩ በነበረ ጊዜ «እማማ ቀርተዋል» የሚል ነገር ባይ ኖሮ «አይሆንም፣ እስቲ ልጠይቅ» እል ነበር። ስልኩ ይህን አይልም።

በመሆኑም ከመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከተለውን አድርገናል።

1ኛ/ መዝገቡ ማንንም አያግድም። ሦስት ወር ያለፈውን አባል «ይጣራ» ብሎ ለኮሚቴው ዝርዝር ያወጣል፤ እኛ ቤቱ ሄደን፣ ደረሰኙን አይተን፣ ተነጋግረን እንወስናለን።

2ኛ/ ሌሊት ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ አስቀድሞ ይወጣል። የሒሳብ ጉዳይ ከሣልስት በኋላ ይታያል።

3ኛ/ ቀን የሚሞላው በስልኩ መቁጠሪያ ብቻ ነው። በአጠገቡ የእኛ አቆጣጠር በሌላ ዐምድ እንደ ተራ ጽሑፍ ይጻፋል።

4ኛ/ ሰብሳቢዎች አዲስ ክፍያ መጨመር እንጂ የቆየውን ማረምም ሆነ መሰረዝ እንዳይችሉ ተደርጓል። ከሥራው የለቀቀ ሰብሳቢ በዚያው ቀን ፈቃዱ ይነሣል።

5ኛ/ ኔትወርክ በሌለበት የተመዘገበ ክፍያ በዚያ ሰብሳቢ ስልክ ላይ ብቻ ይቆያል፤ ሌላው አያየውም። ስለዚህ ሰብሳቢ ሁሉ ማታ ከመተኛቱ በፊት ኔትወርክ ባለበት ስልኩን ከፍቶ የያዘውን ማስተላለፍ ግዴታው ነው።

6ኛ/ አዲስ አሠራር ሲመጣ በቅጂ ላይ ይሞከራል። መሣሪያው መዝገቡን መገልበጥ ይፈቅዳል። በቅጂው ላይ አምስት የውሸት አባላት አስገብተን፣ የከፈለና ያልከፈለ፣ በጳጉሜን የከፈለ ጭምር አድርገን፣ አንድ ወር እናያለን። ከኮሚቴው ሁለት ሰው ካልፈረመበት ወደ እውነተኛው መዝገብ አይገባም።

7ኛ/ የወረቀት ደረሰኝ አይቀርም። ስልኩና ደረሰኙ ከተጣሉ የሚታመነው ደረሰኙ ነው።

ስለ ሥራ መከታተያውም አጭር ቃል ልበል። ባለፈው ዓመት ክረምት የውኃ መውረጃው ቦይ ሥራ ለምን እንደቆመ ታስታውሳላችሁ፤ ቱቦውን አንዱ ሌላው የገዛ መስሎት ነው። አሁን ትሬሎ በሚባለው ላይ እያንዳንዱን ሥራ በካርድ እንጽፋለን። ካርዶቹ በሦስት ረድፍ ይቀመጣሉ፦ «የሚሠራ»፣ «በሥራ ላይ ያለ»፣ «ያለቀ»። በአንድ ካርድ ላይ የአንድ ሰው ስምና የአንድ ቀን ቀጠሮ ይኖራል፤ «ኮሚቴው» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው። የዚህ አሠራር ሥሩ ጃፓን ነው፤ የቶዮታ ፋብሪካ ሠራተኞች በካርድ ይጠቀሙበት የነበረውና ካንባን የሚሉት ነው። ቃሉም ሰሌዳ እንደማለት ነው። እኛም ሰሌዳ አለን! ስለዚህ ዘመናዊ ስልክ የሌላችሁ እንዳትጨነቁ፣ በየሰኞው ሦስቱን ረድፍ በወረቀት ገልብጬ እዚሁ እለጥፋለሁ። ትሬሎም ካርድን ራሱ የሚያንቀሳቅስ ትእዛዝ ይቀበላል፤ አልከፈትነውም። ቦዩ ማለቁን ውኃው ሲወርድ ያየ ሰው እንጂ ስልክ አይመሰክርም።

ለማጠቃለል ከጉባኤው ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ «ማንም አባል በመሣሪያ ውሳኔ አይታገድም» የሚል አንቀጽ በደንቡ እንዲገባ ድምፅ ስጡበት። ሁለተኛ፣ አፕሺት ያለ ክፍያ የሚሰጠው ለጥቂት ሰው ለሙከራ ነው፤ በቋሚነት እንጠቀም ካልን በየተጠቃሚው ወርኀዊ ክፍያ አለው። ከዕድሩ ካዝና ይከፈል ወይስ ሰንጠረዡ ብቻ ይበቃናል? እናንተ ወስኑ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዳችሁ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ ኑና ስማችሁን በመዝገቡ ላይ አብረን እንይ። ቅዳሜና እሑድ ከ8 ሰዓት ጀምሮ በዕድሩ ዕቃ ቤት እገኛለሁ።

ስማችሁ በትክክል መመዝገቡን የምታውቁት ለቅሶ በመጣ ሌሊት መሆን የለበትም።